ሥራው ቢያልፍም ምስክሩ እንዳይጠፋ

«የማያውቁት አገር አይናፍቅም» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ስለ አገር ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ስለ ትምህርትም ይሆናል። ሰው ያላየውንና ያልተማረውን ነገር አይፈልገውም፤ ስላልፈለገውም ከንቱ ነው ብሎ ለመፍረድ ይቸኩላል። እኔም የሥነ ጥበብ ተማሪ ስሆን፥ ፐርፎርማንስና ቪዲዮ አርት ስለሚባሉት ሁለት የጥበብ ዐይነቶች ትምህርት በተጀመረልን ቀን እንዲሁ ፈርጄ ነበር። ሥዕል መሣልና ሐውልት መቅረጽ ልማር ገብቼ ሳለሁ፥ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዝም ማለቱን ጥበብ ነው ብለው ሲያስተምሩኝ ጊዜዬ በከንቱ የሚያልፍ መስሎኝ አዘንሁ። ዛሬ ትምህርቱን ከፈጸምሁ በኋላ ግን አሳቤ ከፊሉ ተለውጧል፤ ከፊሉም አልተለወጠም። የተለወጠውንና ያልተለወጠውን ለይቼ፥ ከዚህም የተነሣ ለአገር ይጠቅማል ያልሁትን አንድ ጉዳይ ለመንግሥት ሹማምንትና ለቤተ ክህነት ሊቃውንት በትሕትና ለማመልከት ይህን ጻፍሁ። ስለ ውጭ አገር የማነሣቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አስቀድሞ የነገሩን ምንነት መግለጽ ይገባል። ፐርፎርማንስ የሚባለው በአማርኛ የክዋኔ ጥበብ ይባላል። ነገር ግን ይህ ስም ቴአትርንም፥ ሙዚቃንም፥ ውዝዋዜንም የሚያጠቃልል ስለ ሆነ፥ ልዩነቱን ማወቅ ያስፈልጋል። በቴአትር ተዋናዩ ንጉሥ ሳይሆን ንጉሥ መስሎ ይታያል፤ ሳይሞትም የሞተ ይመስላል። በዚህ ጥበብ ግን ሠሪው ማንንም አይመስልም። ቢደክም በእውነት ይደክማል፤ ቢራብም በእውነት ይራባል። ሠዓሊ በቀለም፥ ቀራጭ በድንጋይ እንደሚሠራ፥ እርሱም በገዛ አካሉና በጊዜ ይሠራል። የቪዲዮ ጥበብ የሚባለው ደግሞ ካሜራንና የቴሌቪዥን መስኮትን እንደ ብሩሽና እንደ ሸራ አድርጎ የሚሠራ ነው። ወሬ ለማድረስ ወይም ታሪክ ለመተረክ ሳይሆን፥ ተመልካቹ አንዱን ነገር ቆሞ በትዕግሥት እንዲያየው ለማድረግ ይጠቀምበታል።

ይህ ጥበብ በአንድ ቀን የተወለደ አይደለም። በጃፓን ጉታይ የተባለው የሠዓልያን ማኅበር በ1954 ተመሥርቶ፥ አባሎቹ በጭቃና በወረቀት ላይ በገዛ አካላቸው ይሠሩ ነበር። በኒው ዮርክም አለን ካፕሮው በ1959 ተመልካቹን ከክፍል ወደ ክፍል እያዘዋወረ የሥራው ተካፋይ ያደረገበትን ትርኢት አሳየ። ከዚያ በኋላ የመጡት ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ለአሳቤ የሚያስፈልጉኝን ጥቂቶችን ብቻ አነሣለሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ልቤን የነካው ቴህቺንግ ሺዬ የተባለው የታይዋን ተወላጅ ሥራ ነው። ይህ ሰው በ1974 በመርከብ ወደ አሜሪካ መጥቶ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖር ነበር። ከሚያዝያ ወር 1980 ጀምሮ እስከ ሚያዝያ 1981 ድረስ፥ ቀንና ሌሊት ሳይል በየሰዓቱ እየተነሣ የሠራተኛ መግቢያና መውጫ በሚመዘግበው የሰዓት መኪና ላይ ካርዱን ይመታ ነበር። በመታም ጊዜ ሁሉ አንድ ምስል በፊልም ይነሣል። ሲጀምር ጠጕሩን ተላጭቶ ነበርና፥ በፊልሙ ላይ ጠጕሩ ቀስ በቀስ ሲያድግ ዓመቱ ማለፉ ይታያል። በዓመት ውስጥ ካሉት 8,760 ሰዓቶች 133ቱ አመለጡት። እነርሱንም አልሸሸገም፤ 94ቱ በእንቅልፍ፥ 29ኙ በመዘግየት፥ 10ሩ ደግሞ በመቅደም ያመለጡት መሆናቸውን መዝግቦ አስቀመጠ።

በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ይሥቅ ይሆናል። የሰዓት መቆጣጠሪያ ለሥራ የተሠራ ነው፤ ሥራ ሳይኖር መፈረም ምን ይባላል? ይል ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገር ግን ዝግ ብሎ ያሰበ ሰው፥ ስንቱ ሠራተኛ ሥራ ሳይሠራ ሰዓት ብቻ እየፈረመ ዕድሜውን እንደሚጨርስ፥ ስንቱስ ስደተኛ የሌላውን ሰዓት እየጠበቀ የገዛ ሕይወቱ እንደሚያልፍበት ያያል። ስለዚህ ጉዳይ ረዥም ስብከት ከመስማት ይልቅ፥ ያ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ እንቅልፉን አጥቶ ያሳየው ይበልጥ ይገባል። ጉድለቱንም ቈጥሮ በግልጥ ማስቀመጡ፥ መዝገብ ለሚይዝ ሰው ሁሉ ምሳሌ የሚሆን ነው።

ከዚህ በኋላ መምህራችን እያንዳንዳችን አንድ የዘወትር ሥራ መርጠን፥ በጓደኞቻችን ፊት አንድ ሰዓት ያህል ያለ ንግግር እንድንሠራ አዘዙን። እኔም አንድ ሰፌድ ምስር ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥሁና እየለቀምሁ ጠጠሩን አወጣ ጀመር። በመጀመሪያ ጓደኞቼ ሣቁ፤ ጥቂት ቈይተው ተሰላቹ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። በመጨረሻ አንዲት ተማሪ ማንም ሳያዝዛት ተነሥታ ከአጠገቤ ተቀመጠችና አብራኝ ትለቅም ጀመር።

ማታ ቤቴ ገብቼ የሠራሁትን ለአባቴ ነገርኋቸው። አባቴ በቤተ ክህነት ትምህርት ያደጉ ሰው ናቸውና ይቈጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸውም፦ «ልጄ፥ ምስር መልቀም ለመማር ትምህርት ቤት መግባት ያስፈልጋልን?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም መልስ አጥቼ ዝም አልሁ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እርሳቸው ራሳቸው እንዲህ አሉ፦ «እናትህ ነፍሷን ይማርና፥ ይህን ስትሠራ ሠላሳ ዓመት ከፊታችን ተቀምጣ ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ አላየናትም።» ከዚህ የሚበልጥ ትርጓሜ በትምህርት ቤት ከተሰጠን መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁም። ይህ ጥበብ አዲስ ነገር የሚያመጣ አይደለም፤ ከፊታችን ያለውንና ያላየነውን ነገር ቆመን እንድናየው የሚያስገድድ ነው።

ይህን ስል ግን በዚህ ስም የተሠራው ሁሉ መልካም ነው ማለቴ አይደለም። በ1971 ክሪስ በርደን የተባለ አሜሪካዊ ወዳጁን ጠመንጃ አስይዞ የገዛ ክንዱን በጥይት አስመታ። መጻሕፍት ይህን እንደ ታላቅ ሥራ ይጠቅሱታል። በጊዜው በቬትናም ጦርነት ወጣቶች ሲቈስሉ ሕዝቡ በቴሌቪዥን እያየ መልመዱን ለማሳሰብ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ግን ይህን ምክንያት ሰምቼ አልተቀበልሁትም። አካል የተሰጠን አደራ ነውና፥ ሰውን ለማስደንገጥ ብሎ የገዛ ሥጋን ማቍሰል፥ ወዳጅንም ለዚህ ሥራ እጁን እንዲሰጥ ማድረግ የጥበብን ዋጋ ዝቅ ያደርጋል። የሚያስደነግጥ ነገር ሁሉ የሚያስተምር አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የማሪና አብራሞቪች ታሪክ ነው። ይህች በቤልግሬድ የተወለደች ሴት በ1974 በኢጣልያ አገር በናፖሊ ከተማ 72 ዕቃዎችን በጠረጴዛ ላይ አኖረች፤ ጽጌረዳና ላባ፥ ማርና እንጀራ፥ መቀስና ቢላዋ፥ ሽጉጥና አንድ ጥይትም ነበሩበት። ለስድስት ሰዓት ያህል ሳትንቀሳቀስ ቆማ፥ ሰዎቹ የፈለጉትን ቢያደርጉባት ኀላፊነቱ የእርሷ መሆኑን አስታወቀች። በመጀመሪያ ሰዎቹ ዐፈሩ፤ አበባም አስያዟት። እየቈየ ግን ልብሷን ቀደዱ፤ ገላዋንም በስለት አቈሰሉ፤ በመጨረሻም አንድ ሰው ጥይት የጐረሰውን ሽጉጥ በእጇ አስይዞ ወደ ራሷ አዞረው፤ ሌሎች ደርሰው አስጣሉት። ስድስቱ ሰዓት ተፈጽሞ እርሷ ወደ ሰዎቹ መራመድ በጀመረች ጊዜ ሁሉም ሸሹ፤ ዐይኗን ለማየት የደፈረ አልነበረም።

ይህን ሥራ ራሴ አልሠራውም፤ ማንም እንዲሠራውም አልመክርም። ነገር ግን ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ፥ ሕዝብ የሚያስተዳድር ሹም፥ ንስሓ የሚቀበል ካህን ሊያስብበት የሚገባ ነገር አለበት። እነዚያ ሰዎች ወንበዴዎች አልነበሩም፤ የተማሩና ለብሰው ሥዕል ለማየት የመጡ ሰዎች ነበሩ። ክፉ ያደረጋቸው ጠላትነት አልነበረም፤ ተጠያቂ የሌለ መሆኑ ነው። ማንም አይጠይቀኝም ብሎ ያሰበ ሰው ከአበባ ተነሥቶ ወደ ሽጉጥ ለመድረስ ስድስት ሰዓት በቃው። ይኸው ሥራ ዝም በሚል ሰው ላይ ሥልጣን ያለው ሁሉ ራሱን እንዲመረምር ያደርገዋል። ይህችው ሴት ካረጀች በኋላ በ2010 በኒው ዮርክ ከተማ በዘመናዊ ሥነ ጥበብ ቤተ መዘክር ከ700 ሰዓት በላይ በወንበር ተቀምጣ፥ ከፊቷ የሚቀመጠውን ሰው ሁሉ ዝም ብላ ታየው ነበር። ብዙዎቹ አለቀሱ። በከተማ ውስጥ ማንም ማንንም ረጋ ብሎ የማያይበት ዘመን ስለ ሆነ፥ መታየት ብቻውን ለሰው ምን ያህል ብርቅ እንደ ሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ወደ ቪዲዮ ስንመለስ የዚህ ጥበብ አባት ተብሎ የሚጠራው ናም ጁን ፓይክ ነው። በ1932 በሴኡል ተወልዶ ሙዚቃ ተማረ፤ በ1963 በጀርመን አገር በቩፐርታል ከተማ የቴሌቪዥን መሣሪያዎችን አበላሽቶና አጣምሞ እንደ ሥዕል አሳየ። ጥቅምት 4 ቀን 1965 የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ኒው ዮርክን በጐበኙ ጊዜ፥ ፓይክ በጐዳናው ላይ ሰልፉን በተንቀሳቃሽ የቪዲዮ መሣሪያ አንሥቶ በዚያው ማታ በአንድ ቡና ቤት አሳየ ተብሎ ይነገራል። ስለ መሣሪያው ዐይነትና ስለ ነገሩ ዝርዝር ጸሐፊዎች ይከራከራሉ። የተረቱ ፍሬ ነገር ግን የታወቀ ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ምስል የማንሣት ሥልጣን የትልልቅ ጣቢያዎች ብቻ ሆኖ ሳለ፥ ከዚያ በኋላ በአንድ ሰው እጅ ገባ። ዛሬ በየኪሳችን ያለው ስልክ የዚያ ነገር ልጅ ነው።

ለቤተ ክህነት አንባቢዎች ይበልጥ የሚቀርበው ግን የቢል ቪዮላ ሥራ ይመስለኛል። ይህ አሜሪካዊ በ1951 ተወልዶ በ2024 ያረፈ ሲሆን፥ በ1995 እመቤታችን ኤልሳቤጥን የጐበኘችበትን የወንጌል ታሪክ፥ ፖንቶርሞ የተባለው የኢጣልያ ሠዓሊ በ16ኛው መቶ ዓመት ከሣለው ሥዕል አሳብ ወስዶ በቪዲዮ ሠራ። ሦስት ሴቶች ሲገናኙ የሚያሳየው ነገር በእውነተኛ ጊዜ አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ እርሱ ግን አዘግይቶ ወደ 10 ደቂቃ አስረዘመው። ከዐይን ፈጥኖ የሚያመልጠው የፊት ብርሃንና የልብስ መንቀሳቀስ ሁሉ ይታያል። በ2014 ደግሞ በሎንዶን የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ውስጥ ሰማዕታት የሚባለው ሥራው ተተከለ። በአራት መስኮቶች አራት ሰዎች በመሬት፥ በነፋስ፥ በእሳትና በውኃ ሲፈተኑ ሰባት ደቂቃ ያህል ያለ ድምፅ ይታያል። ጩኸት የለበትም፤ ጽናት ብቻ ነው ያለው። የዚያ ቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪዎች አዲሱን መሣሪያ አልፈሩትም፤ ነገር ግን ለምን እንዲያገለግል እንደሚፈልጉ ዐውቀው አስገቡት።

በዚህ አንጻር አንድ ነገር በጥንቃቄ መናገር ያስፈልጋል። ከጓደኞቼ አንዳንዶቹ፥ የአገራችን ማኅሌት፥ መቋሚያና ጸናጽል ተይዞ የሚዘመመው ዝማሬ ሁሉ፥ የክዋኔ ጥበብ ነው ይላሉ። እኔ ግን በዚህ አልስማማም። አካልን ማሠልጠን፥ ሌሊቱን ቆሞ ማደር፥ ዝግ ማለትና መታገሥ በሁለቱም ዘንድ ይገኛል፤ ስለዚህ ተማሪው ከሊቃውንቱ ብዙ ሊማር ይችላል። ነገር ግን ማኅሌቱ የሚቆመው ለተመልካች አይደለም፤ ተመልካች ባይኖርም አይጐድልም። የእኛ ሥራ ግን የሚያየው ሰው ከሌለ አልተሠራም። ይህን ልዩነት የማያከብር ሰው ሁለቱንም ያጠፋቸዋል።

ይህ ሁሉ የባዕድ ነገር ነው፤ ለእኛ ምን ይረባናል? የሚል ሰው ቢኖር፥ የቴዎ እሸቱን ስም እጠቅሳለሁ። በ1958 በሎንዶን የተወለደው ይህ የቪዲዮ ሠዓሊ፥ የኢትዮጵያን ታሪክ በጻፏቸው መጻሕፍት ሁላችንም የምናውቃቸው የአቶ ተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ነው፤ ስለ እኒሁ አያቱም በ1997 ፊልም ሠርቷል። በ2009 ደግሞ የአክሱም ሐውልት መመለስን በ15 የቴሌቪዥን መስኮቶች ከፋፍሎ አሳየ። መስኮቶቹ ተደርድረው ሲታዩ፥ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በየሣጥኑ እየከፈለ የሚያሳየውን የአገራችንን ሥዕል ያስታውሳሉ። አያት በብዕር የጻፉትን የልጅ ልጅ በመብራት ጻፈው ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሐውልት ጥቂት ማሰብ ይገባል። ወደ 24 ሜትር የሚደርሰው፥ 160 ቶን ያህል የሚመዝነው ይህ ድንጋይ በ1929 ዓ.ም. ወደ ሮማ ተወሰደ። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ የወሰደችውን ቅርስ እንድትመልስ ግዴታ ገብታ ሳለ፥ ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን የተመለሰው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ በቦታውም ዳግመኛ የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው። ድንጋዩ ከአንድ ሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ኖሯል። የመመለሱ ደስታ ግን፥ የሕዝቡ እልልታ፥ የሽማግሌዎቹ እንባ፥ ጥቂት ቀን ቈይቶ አልፏል። ድንጋዩን ድንጋይነቱ ይጠብቀዋል፤ ያን ቀን ግን ምስል ያነሣ ሰው ከሌለ ማን ይጠብቀዋል?

ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ነገር ግን በቪዲዮ ክር ያለው እንደ ብራና ይወረሳል ብሎ የሚያስብ ሰው ተሳስቷል። እኔ ይህን በራሴ ላይ በደረሰ ነገር ተማርሁት። ከላይ የነገርኋችሁን የምስር ለቀማ ጓደኛዬ አንሥታው ነበር፤ የተቀመጠበት ማኅደር ተበላሽቶ አንድ ምስል እንኳ አልቀረም። ይህስ ይሁን። በቤታችን ግን የታላቅ እኅቴ ሠርግ የተቀረጸበት አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ። በእርሱ ውስጥ እናቴ እንግዶችን ስትቀበል የተናገረችው ቃል አለበት፤ ድምፅዋ የቀረው በዚያ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ ድምፅዋን እንስማ ብለው ካሴቱን ከሣጥን አወጡት። ክሩ ሻግቶ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ የሚያጫውተውንም መሣሪያ ፈልገን አጣን። አባቴ ካሴቱን በነጠላ ጠቅልለው መለሱት እንጂ ምንም አልተናገሩም።

የእኛ ቤት ጉዳይ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። የቪዲዮ ክር ብረት ነክ ዱቄት በማጣበቂያ ተለጥፎበት የተሠራ ነው። ማጣበቂያው ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ይለሰልሳል፤ ሙቀትም ያፋጥነዋል፤ ስለዚህ በመልካም ቦታ ካልተቀመጠ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ክሩ ደኅና ቢሆን እንኳ ማጫወቻው እየጠፋ ነው። ቪ.ኤች.ኤስ. የሚባለው ካሴት በ1976 ወጣ፤ ማጫወቻውን እስከ መጨረሻ ይሠራ የነበረው የጃፓን ኩባንያ ፉናይ በ2016 መሥራቱን አቆመ። ብራና ለማንበብ ዐይንና ፊደል ይበቃል፤ ካሴት ለማንበብ ግን መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው ከጠፋ ክሩ የተዘጋ መጽሐፍ ነው።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ በፊልምና በክር የተቀረጸው ነገር ብዙ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባና ምረቃ፥ በየአጥቢያው የንግሥ በዓልና የሊቃውንት ትምህርት፥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ መምህራን ድምፅና የእጅ ምልክት በየካሴቱ ውስጥ ይገኛል። ከእነዚህ ሊቃውንት ብዙዎቹ የሚያውቁትን በመጽሐፍ አልጻፉም፤ ዜማውን በጕሮሮአቸው፥ አቋቋሙን በእግራቸው ነበር የያዙት። የእነርሱ ትምህርት በካሴት ካልዳነ በሌላ አይገኝም።

ስለዚህ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ ማንኛውም መሥሪያ ቤትና ደብር በእጁ ያለውን ካሴት ቈጥሮ፥ ዓመቱንና የያዘውን ነገር ጽፎ መዝገብ ያብጅ፤ ይህ ትጋትን እንጂ ብዙ ገንዘብን አይጠይቅም። ሁለተኛ፥ አሮጌ ማጫወቻ ያለው ሁሉ እንደ ውዳቂ ብረት እንዳይሸጠው፤ በአንድ ስፍራ ተሰብስበው እየተጠገኑ ቢያገለግሉ ብዙ ሺሕ ሰዓት ይድናል። ከተገለበጠም በኋላ ቅጂው በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥ፤ ቢያንስ በሁለት ቦታ ይቀመጥ። ሦስተኛ፥ ይህን ሥራ የሥነ ጥበብ ተማሪዎች እንዲያግዙ ይደረግ። እኛ ምስል እንዴት እንደሚነሣና እንደሚጠበቅ ተምረናል፤ ሊቃውንቱ ደግሞ የተነሣው ነገር ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። አንዱ ያለ ሌላው ቢሠራው ስም የሌለው ምስል ወይም ምስል የሌለው ስም ይቀራል።

ትምህርቱን ስጀምር፥ የሚያልፍ ነገር ጥበብ ሊሆን አይችልም እል ነበር። አሁን ግን ከምንወደው ነገር አብዛኛው የሚያልፍ መሆኑን ተረድቻለሁ። ቴህቺንግ ሺዬ ያመለጡትን 133 ሰዓቶች እንኳ መዝግቦ ያኖረው፥ ያለፈ ጊዜ እንደማይመለስ ስላወቀ ይመስለኛል። እኛም ያመለጠንን ለመመለስ አንችልም፤ ገና ያላመለጠንን ግን ዛሬ በመቍጠር ልንጀምር እንችላለን። አባቴ በነጠላ የጠቀለሉት ካሴት አሁንም በሣጥኑ ውስጥ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ያሉት ካሴቶች ግን ገና አልተጣበቁ ይሆናልና፥ ቍልፉን የያዘ ሰው ዛሬውኑ ከፍቶ ይመልከታቸው።